የቡሬ አንድ ጡት

ሐምሌ 11፣ ማታ

ዛሬ እማማ ቤት ሄድኩ። ከአንድ ዓመት በኋላ።

አምና ሰኔ ላይ ነው መጀመሪያ የሄድኩት። ለጥናቴ መዥገር እየሰበሰብኩ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ሄጄ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ፣ ወደ ጣና የሚጠጋ መንደር ውስጥ። ያኔም እንደ ዛሬው ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ልጆቹ ቡሬን ያዙልኝ። የፎገራ ላም ናት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጠባየ ገር። ከግቷ ላይ በወረንጦ 17 መዥገር አነሳሁ። አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተትኳቸው። የቤቱን ቁጥር በእርሳስ ጽፌ ጨመርኩበት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል።

«ምን እንደሆነ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ አይደል ልጄ?» አሉኝ እማማ።

«እመጣለሁ እማማ» አልኳቸው።

አልመጣሁም። ብልቃጡ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። 17ቱ መዥገር ሰንጠረዥ ውስጥ ገቡ። ጽሑፉ አለቀ፣ ተመሰገንኩ። እማማ ግን ምንም አልሰሙም።

ዛሬ ቡሬ በሦስት ጡት ነው የምትታለበው። አራተኛው ቆስሎ፣ መግል ይዞ፣ በመጨረሻ ተደፍኖ ደርቋል። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ውስጡ እንደ ገመድ ጠንክሯል። እማማ አልወቀሱኝም። ቡና አፈሉልኝ። እሱ ነው የባሰብኝ።

ያ መዥገር ምን እንደሆነ አምናም አውቅ ነበር። አምብሊዮማ ይባላል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ያምራል፣ እውነቴን ነው። የወንዱ ጀርባ ብርቱካናማ ነው፤ ጥቁር ጥለት አለው፤ እግሮቹ ላይ ነጭ ቀለበት አለ። አፉ ግን ረጅም ነው፤ ቆዳ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ዝም ብሎ በጣት ሲመነጭቁት አፉ ተቆርጦ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ጡት ላይ ሲሆን ደግሞ እንደ ቡሬ ነው።

እማማን የገረማቸው ሌላው ነገር ነው። ወንዱ ቀድሞ ይጣበቃል። ጥቂት ቀን ደም ከመጠጠ በኋላ ሽታ ያወጣል፤ በዚያ ሽታ ሌሎቹን እዚያው ቦታ ይጠራል። ለዚህ ነው ግት ላይ ተሰብስበው የሚገኙት። «ታዲያ መጀመሪያ የመጣውን ነዋ መያዝ!» አሉ። አዎ፣ እሱን ነው። ዝናቡ እንደጀመረ፣ ገና ሁለት ሦስት ሲሆኑ። መድኃኒት ሲረጭ ግን ብዙ ጊዜ የማየው ጀርባዋ ሲርስ ነው፤ መዥገሩ ያለው ከሥር።

ከዚያ ትንሹ የልጅ ልጃቸው ከጥጃዋ ላይ አንድ መዥገር አንስቶ ወደ ሣሩ ወረወረ። ደም ጠጥታ እንደ ባቄላ ያበጠች ሴት ነበረች። ሮጬ ፈልጌ አነሳኋት። ያቺ ሴት ሣር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ነው የምትሞተው። ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች እንቁላል የሚፈለፈለው ልጅ ደግሞ በሽታውን ከእናቱ ወርሶ ይወጣል። ላሚቱ ደም የመሰለ ሽንት እንድትሸና የሚያደርገው በሽታ እንዲህ ነው የሚተላለፈው።

ይህን ያረጋገጠው ቲዎባልድ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ከባልደረባው ከኪልበርን ጋር፣ በ1893 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት። ከአሜሪካ ደቡብ የመጡ ከብቶች የሰሜኑን ከብት ይገድሉ ነበር፤ ራሳቸው ግን ጤነኛ ይመስላሉ። ከብት አርቢዎቹ መዥገር ነው እያሉ ብዙዎቹ ምሁራን አልሰሟቸውም። እነ ስሚዝ የደቡቡን ከብት መዥገር በእጅ ለቀሙና ከሰሜኑ ጋር ቀላቀሉት፤ በሽታ አልተነሳም። መዥገሩን ብቻ ሌላ መስክ ላይ በተኑ፤ እዚያ የነበሩት ታመሙ። ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ ገና ሳይረጋገጥ ነው ይህ። ይህን ታሪክ ተማሪ እያለሁ ነው የወደድኩት። ዛሬ ያሰብኩት ግን በእጅ ስለለቀሙት ሰዎች ነው። እንደዚህ ልጅ ጎንበስ ብለው፣ ከላም ሥር ገብተው፣ አንድ በአንድ።

ለልጁ ወረንጦዬን ሰጠሁት። ወደ ቆዳው አስጠግቶ ይዞ፣ ሳያጣምም፣ ቀጥ አድርጎ እንዲስብ አሳየሁት። በጣቱ እንዳያፈርጠው አስጠነቀቅኩት፤ ከመዥገር ደም ወደ ሰው የሚሻገር ክፉ በሽታ አለ። ትንሽ ነጭ ጋዝ ያለበት የቲማቲም ጣሳ አመጣ። ከጥጃዋ ላይ አራት አነሳ፣ ሁሉም ከነአፋቸው። አራተኛውን በማጉያ መነጽር አሳየሁት፤ ብርቱካናማውን ጀርባ ሲያይ ዝም አለ፤ ከዚያ አያቱን ጠራ። እማማ መነጽሩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያ ጡት አይመለስም ኣ?» አሉ መነጽሩን ሳያወርዱ።

«አይመለስም እማማ።»

ጥጃዋ ሴት ናት። ግቷን አብረን ዳሰስነው፤ ንጹህ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ የአምናውን ደብተር አወጣሁ። 38 ቤት አለ። ሁሉም ጋ «እመጣለሁ» ብያለሁ። ነገ ከእማማ ቤት ቀጥሎ ያለው ጋ እሄዳለሁ፤ ሁለት ወረንጦ ልገዛ ነው።