የእህቴ ልደትና የፓስፖርቷ የታችኛው መስመር

እህቴ ፓስፖርቷን የተቀበለች ዕለት ከአሞራ ገደል ዓሣ ይዤ ገባሁ። ቤቱ በደስታ ሞቋል። እማዬ ፎቶዋን እያየች ደብተሩን ትስመዋለች። የኔ ዓይን ግን ልደቷ ላይ ቀረ። ጁን 25 ቀን 1987 ይላል።

ልጅቷ የተወለደችው እዚሁ ሐዋሳ፣ የካቲት 25 ቀን 1987 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 4 ቀን 1995 መሆን ነበረበት። ፎርሙን የሞላላት ልጅ የእኛን ቀን ሳይቀይር እንዳለ አስገብቶታል። የካቲት ስድስተኛ ወር ናት፤ ጁን ሆና ቁጭ አለች። እህቴም ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ ተጨመረባት።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ሳነብ አመሸሁ። እያንዳንዱ 44 ቦታ አለው። ማሽን የሚያነበው ይህንን ነው፤ ደረጃውን ያወጣው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ሁለተኛው መስመር በፓስፖርቱ ቁጥር ይጀምራል። ቀጥሎ የዜግነት ኮድ፣ ከዚያ ልደት ይመጣል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በስድስት አሃዝ። ከልደቱ ጀርባ አንዲት ተጨማሪ አሃዝ አለች። መፈተሻ ናት። ስድስቱን አሃዞች በተራ በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 እያባዛችሁ ደምሩ። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ እሷ ናት።

እስኪርቢቶ አነሳሁ። ትክክለኛው ልደት 950304 ነው፤ 63፣ 15፣ 0፣ 21፣ 0፣ 4። ድምሩ 103፣ መፈተሻው 3። ስህተቱ 870625 ነው፤ ድምሩ 130፣ መፈተሻው 0። ፓስፖርቱ ላይም 0 ተጽፏል።

አንጀቴን የበላኝ ይኼ ነው። ስሌቱ ልክ ነው! ማሽኑ አንድ አሃዝ አሳስቶ ቢያነብ ያቺ አሃዝ ታጋልጠዋለች። ሲሞላ የተሳሳተውን ልደት ግን ዝም ብላ ታሳልፈዋለች። እሱን መያዝ የሚችለው ልደቷን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ፎርሙ ከመላኩ በፊት ራሳችሁ አንብቡት።

ሌላም ጣጣ አለ። የፋይዳ ቁጥሯ 12 አሃዝ ነው፤ የራሷ ስለሆነ አብሯት ይኖራል። የፓስፖርት ቁጥር ግን የደብተሩ ነው። አዲስ ደብተር ሲወጣላት ቁጥሩም ይቀየራል። ለትምህርት ባመለከተችበት ቦታ ሁሉ የአሁኑን ቁጥር ሞልታለች፤ ሁሉንም ልናሳውቅ ነው።

የማስተካከያውን ፎርም ትናንት ማታ እኔው ሞላሁት። የልደት ሰርተፊኬቷን ፊቴ ዘርግቻለሁ። እማዬ ወረቀቱን ሳታይ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትነግረኛለች።

«የካቲት ሃያ አምስት፣ ሰማንያ ሰባት። ቅዳሜ ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል።»