የዱዋሚሽ ወንዝ ደለል

ብዙ ኢትዮጵያውያን በምንኖርበት በደቡብ ሲያትል በኩል አልፎ ወደ ኤሊዮት የባሕር ወሽመጥ የሚገባው የዱዋሚሽ ወንዝ ላይ ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ዳሩ ቆመው መንጠቆ የሚጥሉ ሰዎችም አይጠፉም። ጉዳቱ ያለው ከሥር በተኛው ደለል ውስጥ ነው። ከ1913 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጠመዝማዛው ወንዝ ለመርከብ እንዲመች ተቃንቶ ፋብሪካዎች ዳርና ዳሩን ከያዙት በኋላ፣ ለአሥርተ ዓመታት የወረደው ፍሳሽ እዚያው ተጠራቅሟል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2001 የወንዙን የታችኛውን 8 ኪሎ ሜትር ሱፐርፈንድ በተባለው፣ ክፉኛ ተበክለው መጽዳት ያለባቸው ቦታዎች መዝገብ ያሰፈረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመርዞቹ ዋነኛው ፒሲቢ ነው። በትራንስፎርመር ዘይት፣ በቀለምና በሕንፃ መገጣጠሚያ ማሸጊያ ውስጥ ይጨመር የነበረው ይህ ኬሚካል በ1979 ቢከለከልም በቀላሉ አይበሰብስም፤ ውኃ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይሟሟም ጭቃው ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ጭቃ ውስጥ የሚኖረው ትል ይወስደዋል፣ ትሉን ጠፍጣፋው ዓሣ ይበላዋል፣ በየደረጃው ስብ ውስጥ እየተከማቸ ሄዶ እስከ እናት ጡት ወተት ይደርሳል። ከባሕር መጥቶ የሚያልፈው ሳልሞን ብዙ ስለማይቆይ ይበላል፤ ኗሪው ዓሣ፣ ሸርጣኑና ዛጎል ለበሱ ግን እንዳይበላ የጤና ባለሥልጣናት አስጠንቅቀዋል።

በ2014 የጸደቀው የጽዳት ዕቅድ ከወንዙ ወለል 72 ሄክታር ያህሉ እንደ መርዙ ብዛት ደለሉ ተቆፍሮ እንዲወጣ ወይም በንጹሕ አሸዋ እንዲሸፈን፣ 95 ሄክታር የሚሆነው ደግሞ ከላይ የሚወርደው ንጹሕ ደለል እየተጫነበት በክትትል እንዲያገግም ይላል። ቁፋሮው ጥንቃቄ ከጎደለው ተኝቶ የነበረውን መርዝ መልሶ ውኃው ውስጥ ስለሚበትን፣ የማሽኑ የብረት አፍ ጭቃውን ይዞ ግጥም ብሎ ሊዘጋ ይገባል። ሥራውም የሚካሄደው ታዳጊ ሳልሞኖች በማይበዙበት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው።

እኔን ከቁፋሮው ይልቅ የሚያሳስበኝ የዝናብ ጎርፍ ከመንገድና ከአሮጌ ሕንፃ እያጠበ የሚያወርደው አዲስ ብክለት ነው፤ እርሱ ካልተገታ በብዙ ገንዘብ የተነጠፈው አሸዋ ተመልሶ ይበከላል። ተስፋ የሚሰጠኝ ሳውዝ ፓርክ በተባለው የወንዙ ዳር ሰፈር ውስጥ ቀድሞ የአስፋልት ፋብሪካ የነበረበት ዳርቻ ነው፤ ከጸዳ በኋላ ረግረግ ሣር ተተክሎበት፣ በ2022 ለታዳጊ ሳልሞን መጠለያ፣ ለነዋሪው ደግሞ መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል።

የወንዙ የላይኛው ክፍል ቁፋሮ በ2024 የተጀመረ ሲሆን ሥራው ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያው እዚያ የሚያጠምድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ሸርጣኑንና ኗሪውን ዓሣ ለልጆች እንዳያበላ እባካችሁ ንገሩት።