የመርከብ ኪራይና የነዳጅ ዋጋ ከኮምቦልቻ ሲታይ

የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋና የመርከብ ኪራይ ገበያው ወዴት እንደሚሄድ ቀድመው ይጠቁማሉ። ግን «ለምን ወጣ? ለምን ወረደ?» ብሎ ያልጠየቀ ነጋዴ ይሳሳትባቸዋል።

ለንደን የሚወጣው «ባልቲክ ድራይ» መለኪያ የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና የእህል መርከቦችን ኪራይ ያሳያል። የሚጭነው ዕቃ የሌለው ሰው መርከብ አይከራይም፤ እምነት የሚጣልበትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 እስከ 11,793 ነጥብ ወጥቶ በዲሴምበር 663 ገባ። ነዳጅም በዚያው ጁላይ በርሜሉ 147 ዶላር ነክቶ ዓመቱ ሳያልቅ ከ50 ዶላር በታች ወረደ። ሁለቱ እንዲህ ተያይዘው ሲወድቁ ገዢ ጠፍቷል ማለት ነው።

በፌብሩዋሪ 2016 መለኪያው 290 ሲደርስ ግን የመርከብ ብዛትም ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ በደጉ ዘመን የታዘዙት ተሠርተው ሲያልቁ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው አፍሪካን ሲዞሩ የኮንቴይነር ኪራይ ናረ። ይህ የመንገድ ችግር እንጂ የገበያ መድመቅ አልነበረም።

ወደ እኛ እንምጣ። የማደያ ዋጋ በመንግሥት ስለሚወሰን የዓለም ገበያ ለውጥ ዘግይቶ ይደርሰናል፤ የብር ምንዛሪም ይጨመርበታል። ስለዚህ ስሌቱን ራስ መሥራት ይሻላል። ከጅቡቲ ኮምቦልቻ 500 ኪሎ ሜትር እንበል። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ 250 ሊትር ይሆናል። ባዶውን ሲወርድ 30 ቢፈጅ ሌላ 150። ናፍጣ በሊትር 10 ብር ቢጨምር ጭማሪው 4,000 ብር፣ በኩንታል 10 ብር ነው። «ነዳጅ ጨምሯል» ተብሎ 50 ብር ከተጠየቀ፣ የቀረው 40 ከጎማና ከመለዋወጫ፣ ወደብ ላይ ከሚጠፋው ቀን ወይም ከመኪና እጥረት የመጣ ነው። ቆም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው የቁልቁለቱ፣ ማለትም ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ጭነት ዋጋ ነው። በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ ሹፌር ባዶ ከመሄድ ማሾም ሆነ የፋብሪካ ምርት በርካሽ ይጭናል። የመውረጃው ዋጋ ወደ መውጫው እየተጠጋ ከመጣ የሚላክ ምርት በዝቷል። ደላላ ጋ ሲደወል ሁለቱንም ዋጋ መጠየቅና ከነቀኑ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የአንድ ሳምንት ብቻውን አይበቃም፣ በአዝመራ ወቅት መኪና ስለሚጠፋ ካለፈው ዓመት ከዚሁ ወር ጋር ይነጻጸር።