አንድ ሲሙሌሽን፣ የማይገጥም ሲኤስቪ

ሰላም ከጅማ። የቡና ማድረቂያው ሥራ ቀጥሏል። በፕላስቲክ በተሸፈነው አልጋ ላይ አየሩ ሁሉም ጋ ይደርሳል ወይስ ጥግ ጥጉ ላይ ይቆማል የሚለውን በኦፕንፎም (የአየርና የፈሳሽ ፍሰትን የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር) እያየን ነው። አየር ያላገኘ ጀንፈል ይሻግታልና ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ስሌቱ ደህና ይሄዳል። ጣጣው ዳታ ሲወጣ ነው። እኔና ጓደኛዬ ያንኑ ኬዝ (የስሌት ዝግጅት) በየላፕቶፓችን ራን አድርገን ያወጣነው ሲኤስቪ (የቁጥር ሠንጠረዥ ፋይል) አይገጥምም። የረድፉ ብዛት ይለያያል፣ ሰዓቱ ይለያያል፣ ግፊቱማ ጭራሽ አይቀራረብም። እንዲህ ሲገጥማችሁ ሜሹን (ቦታው የተከፋፈለበትን የትናንሽ ሴሎች መረብ) ከመነካካታችሁ በፊት አወጣጡን ፈትሹ።

ሰዓቱ ቀላሉ ነው። ታይም ስቴፑ (ስሌቱ በሰዓት ወደፊት የሚራመድበት እርምጃ) ራሱን እንዲያስተካክል ከተፈቀደለት፣ በየ100 እርምጃው ጻፍ ማለት አያዋጣም፤ እርምጃዎቹ እኩል አይደሉም። ራንታይም የሚለው የአጻጻፍ ምርጫም ሰዓቱ አካባቢ ባገኘው እርምጃ ላይ ነው የሚጽፈው። አጀስተብልራንታይም ግን እርምጃውን እያስተካከለ 0.5፣ 1፣ 1.5 ሰከንድ ላይ በትክክል ያርፋል።

ብዙ ያለፋን የመብራት መጥፋት ያመጣው ነው። ኬዙ 3 ሰከንድ ላይ ውጤቱን ጻፈ፣ 3.4 ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ እንበል። እንደገና ሲነሳ ከ3 ይቀጥላል። ፕሮቦቹ (በተመረጡ ቦታዎች ላይ እሴቱን የሚመዘግቡት ነጥቦች) ግን እስከ 3.4 መዝግበዋል። ኦፕንፎም ደግሞ በአሮጌው ፋይል ላይ አይቀጥልም፤ ፖስትፕሮሰሲንግ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በመነሻው ሰዓት የተሰየመ አዲስ ፎልደር ይከፍታል። አንዱ 0፣ ሌላው 3 ይባላል። ሁለቱን ዝም ብሎ መቀጠል ሰዓቱን ከ3.4 ወደ 3 ይመልሰዋል። ግራፉ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ መስመር ካያችሁ እሱ ነው። አማካይ ሲሰላ ደግሞ ያቺ 0.4 ሰከንድ ሁለቴ ትቆጠራለች፤ ይሄ በዓይን ስለማይታይ የባሰ ነው። አሁን አጭር የፓይተን ስክሪፕት አለን፤ አዲሱ ፎልደር ከሚጀምርበት ሰዓት በኋላ ያለውን ከአሮጌው ላይ ይቆርጣል። መብራቱ ሲሄድ እየተጻፈ የነበረ ፎልደር ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችልም ከፍታችሁ እዩት። ጎዶሎ ከሆነ አጥፍታችሁ ከሱ በፊት ካለው ተነሱ።

የረድፉ ብዛት የመጣው ከፓራቪው (ውጤቱን በምስል ከሚያሳየው ሶፍትዌር) ነው። ኦፕንፎም የሚያሰላው በሴሉ መሃል ነው፤ ፓራቪው ግን ወደ ነጥቦች የተሸጋገረውንም አብሮ ያዘጋጃል። አንዱ የሴል፣ ሌላው የነጥብ ዳታ ካስቀመጠ ብዛቱም እሴቱም አይገጥምም። የነጥቡ እሴት ከአጎራባች ሴሎች ስለሚሰላ፣ አየሩ በሚገባበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ያለው ሹል ለውጥ ይለዝባል። ለቁጥር የሴሉን፣ ለምስል የነጥቡን ብለን ተስማምተናል። በ4 የፕሮሰሰር ኮር የተከፋፈለ ኬዝ ሳይገጣጠም ከተከፈተም የረድፉ ቅደም ተከተል ይቀየራል፣ በድንበሮቹ ላይ ያሉ ነጥቦችም ይደገማሉ። ስለዚህ ረድፍን ከረድፍ አታወዳድሩ፤ ቦታን ከቦታ ነው።

ግፊቱ ላይ የተማርነው በጣም ደስ ብሎኛል። ኢንኮምፕረሲብል ሶልቨሮች (ጥግግቱ አይቀየርም ብለው የሚያሰሉ ፕሮግራሞች) ግፊቱን ለጥግግት ካካፈሉ በኋላ ነው የሚጽፉት። አሃዱ ፓስካል ሳይሆን ሜትር ካሬ በሰከንድ ካሬ ነው። አንዱ ሲኤስቪ እንዳለ ወጥቷል፣ ሌላው በ1.2 ተባዝቷል። 1.2 ደግሞ የባሕር ወለል አየር ጥግግት ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት የእኛ አየር በሜትር ኩብ 0.98 ኪሎግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ 20 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረው! ደጋ ላይ ሆናችሁ የምትሠሩ ሁሉ ይቺን ቁጥር ለየከተማችሁ አስሉ።

አሁን ሁለቱ ሲኤስቪዎች ይገጥማሉ። ቀጥሎ የፀሐዩን ሙቀት እንጨምራለን፣ በቦያንትፒምፕልፎም (ሙቀት የሚያመጣውን የአየር እንቅስቃሴ በሚያሰላው የኦፕንፎም ሶልቨር)። እሱ ግፊቱን ራሱ በፓስካል ስለሚጽፍ፣ በጥግግት የምታባዛዋን መስመር ከስክሪፕቱ ማውጣት አለብን። በፕላስቲክ ከተሸፈነ አልጋ ላይ የተለካ ሙቀት ያላችሁ ካላችሁ አካፍሉን፤ ከእኛ ውጤት ጋር እናስተያየዋለን።