ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ

ጎንደር የገባሁት ሁለት ሻንጣ ይዤ ነው። እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እንዳይበልጥብኝ ቨርጂኒያ ቤቴ ውስጥ ሦስት ቀን ስመዝን ከረምኩ። ጫማ አውጥቼ ብርድ ልብስ እከታለሁ፣ ብርድ ልብሱን አውጥቼ ሽቶ እከታለሁ። ከአዘዞ ወደ ሰፈራችን ስንሄድ ታክሲው ውስጥ ጭንቀቴ አንድ ነበር። ይሄን ሁሉ እናቴ የት ታስቀምጠዋለች?

ቦታስ ሞልቷል። ቡፌው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በ11 ዓመት ውስጥ በሰው እጅ የላክሁት ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ሁለት ካፖርት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንዱም የለም። ስድስት ሲኒ፣ ጀበናው፣ መሶቡና የአባቴ ጋቢ ብቻ።

አንጀቴ እርር አለ። እነዚያን ሳህኖች የገዛሁት እሑድ እሑድ ተጨማሪ ሺፍት እየገባሁ ነው።

"እማዬ፣ ዕቃዎቹስ?"

ቡናውን እየቆላች መለሰችልኝ። ሳህኖቹ ለማርያም ማኅበር ሆነዋል። በየወሩ በ21 ከባለተራው ቤት ወደ ባለተራው ቤት ይዞራሉ። አንዱን ካፖርት የሌሊት ዘበኛ የሆነው ጎረቤታችን ለብሶታል። ሌላው ለማን እንደደረሰ ረስታዋለች።

"ለመቼ ላስቀምጠው ልጄ? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰማሽም?"

ሰምቻለሁ እንጂ። ልጅ ሳለን ጥምቀት ሲደርስ አዲስ ልብስ የምናስገዛበት ተረት ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስቶሬጁ ትዝ አለኝ። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቤት ሲጠብ ለትርፍ ዕቃ የሚከራዩት ክፍል ነው። የእኔው በወር 90 ዶላር ይበላል። "አገሬ ስገባ" እያልኩ ያጠራቀምኩት መጋረጃ፣ ድስትና አንሶላ ከነካርቶኑ እዚያ አለ። ጎንደር ለምሠራው ቤት ነው። የቤቱ መሬት እንኳ ገና አልተገዛም። በፕላስቲክ የተጠቀለለ የሐበሻ ቀሚስም አለበት። ደህና ቀን ስጠብቅለት ስድስት ዓመት ሞላው።

ጥር 10 ታቦቶቹን አጅበን ወረድን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆመናል። ከቀሃ ወንዝ የገባው ውኃ እንደተባረከ ወጣቱ እየዘለለ ገባ። እናቴ ዓምና የላክሁላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ውኃ ተረጨባት፣ ጠርዙን ጭቃ ነካው። እሷ እልልታዋን ታቀልጣለች።

ስመለስ ስቶሬጁን ለቀቅሁ። ድስቱንና አንሶላውን ከአገር ቤት አዲስ ለመጣ ቤተሰብ ሰጠሁ። መጋረጃውን ሳወጣ ግን አለቀስኩ። አገሬ የመግባቴን ነገር አብሬ የሰጠሁ መሰለኝ። ዕቃ የሚያጠራቅም ስደተኛን ስስታም የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም። ባዶ እጁን ከአገሩ የወጣ ሰው ባዶ ቤት ያስፈራዋል። እኔንም ያስፈራኝ ነበር፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ያስፈራኛል።

አሁን ሱቅ ገብቼ አንድ ነገር ሳነሳ "ለየትኛው ጥምቀት ነው?" እላለሁ። መልስ ካጣሁ እመልሰዋለሁ። የእሑዱን ሺፍትም ተውኩት። በዚያ ሰዓት ከእናቴ ጋር በስልክ ቡና እንጠጣለን። እሷ ጀበናዋን ጥዳ፣ እኔ በወዲህ በኩል።

ቀሚሱን ባለፈው እሑድ ለቅዳሴ ለበስኩት። ስድስት ዓመት ተጣጥፎ የኖረበት መስመር ገና አልለቀቀም።