ለሱ ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው

ይህን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር እስካሁን ጆሮዬ ይግላል።

2004 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ አስመጪ ድርጅት ኮምፒውተሮችን በትርፍ ሰዓቴ እጠግን ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ማሽን ፔንቲየም 4፣ 512 ሜጋ ራም፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። የድርጅቱ ሒሳብ በሙሉ እሱ ላይ ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስም አለው፤ ጩኸቱ እንጂ ጉልበቱ ካለቀ ቆይቷል።

ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና "አዲስ ይገዛ እንዳትለኝ። በዚሁ ላይ ባክአፑ ራሱ እንዲሠራ አድርግልኝ" አሉኝ። ባክአፕ ማለት ፋይሉ ቢበላሽ የሚመለስበት ተቀማጭ ኮፒ ነው።

ከሞተ ማሽን የነቀልኩት ባለ 40 ጊጋ ዲስክ ነበረኝ። ጃምፐር የምትባለውን ትንሽ መሰኪያ ስሌቭ (ሁለተኛ ዲስክ) ላይ አድርጌ ገጠምኩት። ከዚያ አሥራ አምስት መስመር የማይሞላ ባች ፋይል፣ ማሽኑ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ዝርዝር፣ ጻፍኩ። ያ ኤክስፒ ቀን ሲጠየቅ ከፊት የዕለቱን ስም በሦስት ፊደል ያስቀድማል። እነዚያን ሦስት ፊደሎች ቆርጬ የፎልደር ስም አደረግኳቸው። የሰኞ ኮፒ ሰኞ ውስጥ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ውስጥ። በሳምንቱ በላዩ ላይ ይጻፋል። ዲስኩ አይሞላም፣ ሰባት ቀን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። አያት፣ አባት፣ ልጅ የሚባለውን የቆየ ዘዴ አውቀዋለሁ፤ የወሩን፣ የሳምንቱንና የቀኑን ኮፒ ለየብቻ ያስቀምጣል። ለዚህ ቤት ልጁ ይበቃል አልኩ።

መጀመሪያ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲነሳ ነበር ያሰብኩት። ለካ ምሳ ሲወጡ ማሽኑን ያጠፉታል። ስለዚህ ማሽኑ ሲከፈት ራሱ የሚነሳው ሁሉ የሚቀመጥበት ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት፤ ጠዋት ሲከፈት ኮፒውን ይጨርስና ሥራ ይጀመራል። ሙከራውንም አሳመርኩት። ቀኑን በእጄ ከሰኞ እስከ እሁድ እየቀየርኩ ሰባት ጊዜ አስነሳሁት። ሰባቱም ፎልደር ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆመው እያዩ "አውቶማቲክ!" አሉ። ቃሏን ወደዷት። እኔም ወደድኳት።

የሒሳብ ሠራተኛዋ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው ደወሉ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ጥቁር መስኮት ማክሰኞ ይላል።"

የቀኑን ስም መስኮቱ ላይ እንዲጽፍ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ለጌጥ።

"እትዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ?"

"ዛሬማ ማክሰኞ ነው። ለሱ ግን ትናንትም ማክሰኞ ነበር።"

ሳቄ መጣ። ሌላ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሜ ኬብል እየጎተትኩ ነበር፤ ስልኩን በትከሻዬ ይዣለሁ።

"እትዬ፣ እሱን አይዩት። ራሱ ያውቃል።"

"ራሱ ያውቃል?"

"ራሱ ያውቃል።"

"እሺ" ብለው ዘጉ። ያቺን "እሺ" ያኔ በደንብ ብሰማት ኖሮ እንዳላመኑኝ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን አጠገቤ ላለው ልጅ "ሰዎቹ እኮ ማሽኑ ማክሰኞ አለ ብለው ይደውላሉ" ብዬ አብረን ስቀናል።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ረቡዕ ከሰዓት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። በሦስተኛው እትዬ ደረሰኝ እየመዘገቡ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ፒችትሪ የድርጅቱን ፋይል አልከፍትም አለ። ተጠራሁ። ተረጋግቼ ነው የሄድኩት፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ ብሎኝ። ይኸው የሠራሁት ነገር ሊታይ ነው።

የረቡዕን ፎልደር ከፈትኩ። ያለው ፋይል የሙከራው ቀን ነው። የሰኞም፣ የእሁድም እንደዚያው። ስድስቱ ሰባት ጊዜ ያስነሳሁበት ቀን ላይ ቆመዋል። ማክሰኞ ብቻ ትኩስ ነው፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተገለበጠ። ማለትም ማሽኑ ሐሙስ ሲበራ የመጀመሪያ ሥራው የተበላሸውን ፋይል በደህናው ላይ መጻፍ ነበር። አያትም አባትም የለም። አንድ ልጅ ብቻ፣ እሱም የታመመ።

ከታች ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2002።

"እትዬ፣ ይሄ ማሽን ሲበራ ምን ይላል?"

"የሆነ ነገር ጽፎ ይቆማል። ኤፍ 2ን ስጫነው ያልፋል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኧረ ዓመት አለፈው። እንደዚያ አይደል እንዴ የሚከፈተው?"

የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ሲአር 2032፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ ባለ 3 ቮልት፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት። ማሽኑ ሶኬት ላይ ከዋለ ሰዓቱን ለመያዝ ባትሪዋ እምብዛም አታስፈልገውም፤ ከግድግዳው የሚመጣው ይበቃዋል። ግን ዘበኛው እሳት እንዳይነሳ ብሎ ማታ ማታ የፎቁን መብራት ከዋናው ማጥፊያ ያጠፋል። ደግም ያደርጋል። ስለዚህ ያ ኮምፒውተር በየጠዋቱ 2002 ላይ ይነቃል። እኔ የምሄደው ሁልጊዜ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ኤፍ 2ን አይቻት አላውቅም። በሙከራው ቀን ደግሞ ሰዓቱ የተሳሳተው ስነካካው ነው ብዬ አስተካክዬው ወጣሁ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ደግሞ ማክሰኞ ነው። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1994 ይሆናል። ይህን ለእትዬ ጣቴን እየቆጠርኩ ስነግራቸው "ጊዮርጊስ ነዋ! በየቀኑ ጊዮርጊስን ሲያነግስ ነው የከረመው" አሉ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ የቤታቸውን ቁልፍ ከቦርሳቸው አወጡ። ቁልፉ ላይ ባለ 2 ጊጋ ፍላሽ ተንጠልጥሏል፤ ክዳኑ ጠፍቶ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ዓርብ ዓርብ ማታ በፒችትሪ በራሱ ባክአፕ እየያዙ እዚህ ላይ ያስቀምጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም። የፋይሎቹ ስም ጥቅምት 9፣ ጥቅምት 16፣ ጥቅምት 23 እያለ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሄዳል። አንዱንም በሌላው ላይ ጽፈው አያውቁም።

"ለምን አሮጌዎቹን አያጠፏቸውም?" አልኳቸው፤ አመል ሆኖብኝ።

"ምን አደረጉኝና?"

ያለፈውን ዓርብ መለስነው። የሰኞን፣ የማክሰኞንና የረቡዕን ሥራ ከደረሰኝና ከቫውቸር እንደገና ማስገባት ነበረብን። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይመታሉ። አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ቁጥር ሳስትባቸው ከስክሪኑ ዓይናቸውን ሳያነሱ "ራሱ ያውቃል" አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ማምሻው ብቅ አሉ። "ተመለሰ?"

"ከባክአፕ መልሰነዋል" አልኩ። ውሸት አይደለም።

"አላልኩም! አውቶማቲክ!" ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በዚያው ወር ለሁለት ወዳጆቻቸው ድርጅቶች "ኮምፒውተራችንን ያዳነልን ልጅ" ብለው አስተዋወቁኝ። ሁለቱንም ሥራ ወሰድኩ። እትዬ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ እሳቸው ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። የኔ ዝምታ ብር አስገኝቷል።

ባትሪዋን በዚያው ዕለት ቀየርኳት። ዋጋዋ ከታክሲዬ ሒሳብ አይበልጥም። በነጋታው ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ ዓርብ ይላል።"

"ልክ ነው እትዬ፣ ዓርብ ነው።"

"ዓርብ መሆኑንማ አውቃለሁ። እሱ እንዴት አወቀ?"

ስለ ባትሪዋ አስረዳኋቸው። ረጅም ማብራሪያ ነበር፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ታዲያ ማታ ፍላሹን ልተወው?"

"አይ እትዬ፣ እንዳይተዉት።"