ነፋሱ ምን አደረገ?

ሰሞኑን ምክንያቱን ለራሴም ማስረዳት ያቃተኝ ድብርት ተጭኖኛል። ቤት ብቀር ይብስብኛል ብዬ ከአውስትራሊያዋ ከተማ ከብሪዝበን መሀል ወደ ስፕሪንግ ሂል የሚያወጣውን ዳገት ያዝኩና፣ ዊክሃም ቴራስ ከሚባለው የሐኪሞች ጎዳና አጠገብ፣ ከአሮጌው የነፋስ ወፍጮ ግንብ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ወዳጄ ደውሎ ነበር፤ አላነሣሁለትም። መልሼ ስደውል የማቀርበውን ምክንያት በማሰናዳት ላይ ሳለሁ፣ አንድ አባት ለትንሽ ልጁ ስለ ግንቡ ሲያስረዳ ሰማሁና ወዳጄም ድብርቱም ከሐሳቤ ወጡ።

አባትየው የተረከለት በዚህ ከተማ ትንሽ የከረመ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ወሬ ነው። ወፍጮው ተሠርቶ ሲያልቅ ክንፎቹ አልዞር ስላሉ፣ እስረኞቹ በእግራቸው እንዲያዞሩት ተደረገ ይባላል። ልጁ ሳቀ፤ በእርግጥም ሲነገር ያስቃል።

ግንቡ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1828 በግዞተኞች እጅ ከድንጋይና ከጡብ የተሠራ ነው። በ1824 ሬድክሊፍ ላይ ተመሥርቶ በዓመቱ ወደዚህ ወንዝ ዳር የተዛወረው የሞርተን ቤይ የግዞት ሰፈር፣ ከብሪታንያ በአውስትራሊያ ወዳለው ቅኝ ግዛቷ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተግዘው ከመጡ በኋላ እንደገና ጥፋት የተገኘባቸው ሰዎች የሚላኩበት፣ በግዞት ላይ የተደረበ ግዞት ነበር። የሰፈሩ አዛዥ በጭካኔው ስሙ የሚነሣው ሻምበል ፓትሪክ ሎጋን ነው። ወንዙ ዳር የተመረተውን በቆሎና ስንዴ ለመፍጨት፣ ነፋስ በሚያገኘው በዚህ ኮረብታ ላይ ወፍጮ ተተከለ፤ ከወፍጮውም ጋር በእግር የሚረገጥ መዘውር ተያያዘ።

መዘውሩ ሰፊ ሆኖ ዙሪያውን የእግር መርገጫ ርብራብ የተደረደረበት ነው። ሰዎቹ ጎን ለጎን ይቆሙና ከፊታቸው ያለውን አግዳሚ እንጨት ይጨብጣሉ፤ የረገጡት ርብራብ በክብደታቸው ወደ ታች ሲሸሽ የሚከተለውን ይረግጣሉ፤ እንዲህ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጡ ውለው አንድ ክንድ እንኳ ከፍ አይሉም። አያቴ በወፍጮና በመጅ ስትፈጭ ትዝ ይለኛል፤ ሥራው ወገብ የሚቆርጥ ቢሆንም፣ ደክሟት ቀና ስትል መጁም አብሯት ያርፍ ነበር። መዘውሩ ግን ሌሎቹ እስከረገጡት ድረስ ለአንዱ ድካም አይቆምም፤ እግሩን ያዘገየ ሰው የሚመጣው ርብራብ ቅልጥሙን ይመታዋል። በ1829 አንድ ግዞተኛ በዚሁ መዘውር ሕይወቱ አልፏል።

እንግዲህ የተቆጣሁት እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱን መዘውር መሐንዲሱ ዊልያም ኩቢት ለእንግሊዝ እስር ቤቶች ያቀረበው በ1818 ገደማ ነው፤ ይህ ግንብ ከመሠራቱ በፊትም ሲድኒ ውስጥ እስረኞች ይቀጡበት ነበር። በእንግሊዝ እስር ቤቶች ውስጥ አንዳች እህል ሳይፈጭ እንዲሁ በባዶ የሚሽከረከርበት ጊዜም ነበር፤ ዓላማው ዱቄት ሳይሆን ድካም ነበርና። ስለዚህ ክንፎቹ ዞሩም አልዞሩም፣ መዘውሩን ወደዚህ ያመጣው ሰዎችን በመርገጥ መቅጣት አስቀድሞ የተለመደ መሆኑ ነው። የክንፎቹ ወሬ ግን ቅጣቱን ጥገና ያስመስለዋል፤ አናጢው ተሳሳተ፣ ነፋሱ ሰነፈ፣ ግዞተኞቹም የጎደለውን ሞሉ። በዚህ አተራረክ ጥፋተኛ የሚባል ሰው አይገኝም።

አባትየው ለልጁ ያልነገረው ሌላም አለ፤ ለሕፃን የሚነገር ባለመሆኑ አልፈርድበትም። የግዞት ሰፈሩ ከተዘጋ በኋላ፣ በ1841፣ ስቴፕልተን የተባለውን የመሬት ቀያሽና አንድ ረዳቱን ገድላችኋል የተባሉ ሁለት የአገሬው ተወላጆች ሲድኒ ድረስ ተወስደው ተፈረደባቸው፤ ከዚያ ወደዚህ ተመልሰው በዚሁ ወፍጮ ላይ ተሰቀሉ። የገዛ አገራቸውን መሬት ሊለካ በመጣ ሰው ምክንያት፣ እነሱ በማያውቁት ሕግ የተፈረደባቸውን ሰዎች ለመስቀል እህል የሚፈጭበት ግንብ መመረጡን ሳስብ፣ ከወንዙ ዳር ሽቅብ ለሚመለከት ሁሉ የሚታይ ከፍታ መሆኑ ብቻውን በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ግንቡ ያልሠራው ሥራ የለም። በ1861 የመርከቦች ምልክት መስጫ ሆነ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከአናቱ በሚወርድ ኳስ ሰዎች ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር። የኩዊንስላንድ ሙዚየም በ1862 ሲጀመር የመጀመሪያ ቤቱ ይኸው ነበር፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ከዚሁ ግንብ የቴሌቪዥን ሙከራ ተሰራጭቷል። እነዚህ ሁሉ የሚያኮሩ ስለሆኑ በዝርዝር ይተረካሉ።

ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢነፍስ ኖሮ፣ ሎጋን መዘውሩን አስፈርሶ ሰዎቹን ያሳርፋቸው ነበር? እኔ አይመስለኝም። ለማሳመን የፈለግሁት ግን ማንን እንደሆነ አላውቅም፤ አባትና ልጅ ከሄዱ ቆይተዋል፣ እኔም የቤት ኪራዬን ጉዳይ እንኳ ለአከራዬ በወጉ አስረድቼ የማላውቅ ሰው፣ ማንም ሳይቀጥረኝ ለነፋስ ጥብቅና ቆሜ አመሸሁ።